ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር ማስተርስ፦ ለመምህራን ከሰነድ ዝግጅት እስከ አቻ ግምት

በማስተማር ጎበዝ የሆነ፣ ውጤቱም የማያሳፍር መምህር ማመልከቻው በወረቀት ጉድለት ብቻ ሲወድቅበት ማየት ያሳዝናል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው «ሙሉ ጊዜ» የሚል ቃል ይጎድለዋል፣ ስሙ በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ ይለያያል፣ ወይም የመዝጊያውን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ሳይቀይር ቀርቶ በሩ ይዘጋበታል። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ለሚያስተምር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የዲግሪ ማረጋገጫውና ቪዛው አዲስ አበባ ናቸው፤ መንገዱ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ እቅዱ ከአዲስ አበባ ነዋሪ እቅድ ቀደም ብሎ መጀመርና በቂ ትርፍ ቀን መያዝ አለበት።

መቼ ይጀመር?

ትምህርቱ መስከረም ላይ የሚጀመር ከሆነ ዝግጅቱ ከዚያ 14 ወር ቀድሞ በሚውለው ሐምሌ ላይ ይጀመር። ይህ አይበዛም። የትላልቆቹ የነጻ ትምህርት ዕድሎች ማመልከቻ የሚከፈተው ከነሐሴ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ወቅት ደግሞ ለመምህር ምዝገባ፣ ክፍል ድልድልና የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና የሚደራረቡበት ነው። ጥር ላይ የፈተና ወረቀት እያረሙ፣ ጥምቀትን እያከበሩ የግል መግለጫ መጻፍ አይቻልም። የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት ለሰነድና ለእንግሊዝኛ ይዋል፤ መስከረምና ጥቅምት ለጽሑፍ ይተዉ።

የትኛው ዕድል ለመምህር ይሆናል?

ብዙ ሰው አሥር ቦታ በጥድፊያ ያመለክታል። ከዚያ ይልቅ መስፈርቱን አሟልታችሁ ሦስት ወይም አራት ቦታ በደንብ አመልክቱ።

ቼቭኒንግ በእንግሊዝ መንግሥት የሚሸፈን የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት የትምህርት ፕሮግራሞች ትመርጣላችሁ፤ ሲጨርሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የሆነው ዳድ በልማት ነክ የማስተርስ ፕሮግራሞቹ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ግን በአብዛኛው ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ይሰናከላሉ። ስምንት ዓመት አስተምሮ የሚያመለክት ሰው ልምዱ የሚጠቅመው ይመስለዋል፤ ዲግሪው ግን «አርጅቷል»። ከተመረቃችሁ አራት ወይም አምስት ዓመት ከሆናችሁ ይህን ዕድል አስቀድሙት።

ኢራስመስ ሙንደስ በተለያዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት ነው፤ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገር ይማራል፣ የነጻ ትምህርት ተጠቃሚው በወር 1,400 ዩሮ ያገኛል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ማመልከቻ ይቀበላሉ። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ አካባቢ ይዘጋል። የቤልጅየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ትብብር አላቸው፤ የእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የልማት ትብብር ድርጅት ቭሊር ዩኦኤስ የሚሸፍናቸው ፕሮግራሞች ለውኃ፣ ለምግብና ለአካባቢ ጥናት መምህራን ይስማማሉ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ግን ጊዜ አታባክኑ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

ባለትዳርና ልጅ ላላችሁ አንድ ነገር በመጀመሪያ ይታወቅ። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ በኮርስ የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው፣ ወጪው በመንግሥት የነጻ ትምህርት ካልተሸፈነለት በስተቀር፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ መግባት አይችልም። ይህን ከቤተሰብ ጋር ሳይመክሩ ማመልከቻ መሙላት በኋላ ከባድ ችግር ያመጣል።

ሰነዶች

ከሁሉ በፊት ስም። «ፀሐይ» የሚለው አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ከሆነ መርማሪው ሰነዶቹ የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ይጠራጠራል። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ቅጹን ስትሞሉ ዲግሪያችሁን ከጎን አስቀምጡና በዚያው አጻጻፍ ሙሉ። ባሕር ዳር የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ለፓስፖርት አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም። ፓስፖርቱ ቀድሞ ከወጣና ልዩነት ካለ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ በጊዜ አውጡ፤ ማመልከቻውን ግን ሁልጊዜ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተዋል። ጥር 7 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 1993 ነው የተወለደው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ያለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ ኅዳር 2010 የተቀጠረ መምህር በ2017፣ ሰኔ 2010 የተመረቀ ሌላ ሰው ደግሞ በ2018 ነው። 7 እና 8 ዓመቱ ሲምታቱ ሳትመረቁ የተቀጠራችሁ ያስመስላል፤ ጥያቄውም ቃለ መጠይቅ ላይ ይመጣል።

ሦስተኛው ትራንስክሪፕት ነው። ለማመልከቻ ብዙ ጊዜ የስቱደንት ኮፒ ስካን ይበቃል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ከተመረቃችሁበት ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች፣ ከፔዳም ሆነ ከፖሊ የተመረቃችሁ ሬጅስትራር ስትሄዱ በምረቃ ወቅት አትሂዱ፤ ሰኔና ሐምሌ ሠራተኞቹ በአዲስ ተመራቂ ተጨናንቀው ነው የሚጠብቋችሁ። ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ (ቴምፖራሪ) ብቻ የያዛችሁ የወጪ መጋራት ዕዳችሁ የት እንደደረሰ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት ክሊራንሱ ያስፈልጋል። ስካን ስታደርጉ የትራንስክሪፕቱን ጀርባም አንሱ። የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ያለው እዚያ ነው፤ እሱ ከሌለ አንድ ጀርመናዊ «ቢ ፕላስ» ምን እንደሆነ አያውቅም። በስልክ የተነሳ፣ ጥላ የወደቀበት ፎቶ አይላክ፤ የስካን መተግበሪያ ተጠቅማችሁ እያንዳንዱን ሰነድ ለብቻ በፒዲኤፍ፣ ከ2 ሜጋባይት ሳይበልጥ አስቀምጡ።

የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነጥባችሁን ወደራሳቸው የሚቀይሩበት ቀመር አስቀድሞ ቢሰላ ጥሩ ነው፤ በእነሱ 1.0 ከፍተኛው ነው። ከ4.00 ላይ የእናንተን ነጥብ ቀንሱ፣ ለ2 (ከፍተኛው 4.00 ሲቀነስ ማለፊያው 2.00) አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ጨምሩ። 3.20 ያለው ሰው ይህን ሲያሰላ 2.2 ያገኛል። ፕሮግራሙ 2.5 እና ከዚያ የተሻለ ካለ ማለፊያ ነው፤ 2.0 ካለ ግን ማመልከቻው ገና ከጅምሩ አያልፍም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ትምህርት ቤቶች የሚጽፉት የተለመደው ደብዳቤ «መምህር እገሌ ከዚህ እስከዚህ ዓ.ም. በመምህርነት አገልግለዋል» ይልና ደመወዝ ጠቅሶ ያበቃል። ለአገር ውስጥ ዕድገት ይበቃል፤ ለውጭ አይበቃም።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሚለው በሳምንት 35 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ ለሁለት ዓመት ሲሠራ ነው። ደብዳቤው «በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ» ብቻ ካለ አንባቢው በ40 ደቂቃ አባዝቶ 17 ሰዓት አካባቢ ያገኛል፤ ግማሽ ሠራተኛ ናችሁ ማለት ነው። የትምህርት ዝግጅቱ፣ የፈተና እርማቱ፣ የክፍል ኃላፊነቱ፣ የክበቡ ሥራና የማጠናከሪያ ትምህርቱ ሁሉ ሥራ ነው፤ ግን ካልተጻፈ የለም።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን በትሕትና ጠይቃችሁ ደብዳቤው እነዚህን እንዲይዝ አድርጉ፦ የቅጥር ዓይነት (ቋሚ፣ ሙሉ ጊዜ)፣ የሳምንት የሥራ ሰዓት በሰዓት፣ የተቀጠራችሁበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የምታስተምሩት የትምህርት ዓይነትና ክፍል፣ ተጨማሪ ኃላፊነት (የዲፓርትመንት ተጠሪ፣ የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ፣ ዩኒት ሊደር)፣ የትምህርት ቤቱ አድራሻና ስልክ፣ ፊርማና ክብ ማኅተም። በአማርኛ ከተጻፈ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ራሳችሁ ተርጉማችሁ መላክ ተቀባይነት ያሳጣል። በግል ትምህርት ቤትም የሠራችሁ ካላችሁ ከሁለቱም ቦታ አምጡ፤ ሰዓቱ ይደመራል።

የእንግሊዝኛ ማረጋገጫ

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የዲግሪ ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ካልተቀበሉ አይኤልትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ የተለመደው መስፈርት በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉ ደግሞ ከ6.0 ያላነሰ ነው። ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

መምህራን በሰዋስው አይቸገሩም፤ የሚቸገሩት በፍጥነት ነው። የንባቡ ክፍል በ60 ደቂቃ ሦስት ረጃጅም ጽሑፍና 40 ጥያቄ ነው፤ መልስ ለማስተላለፍ ተጨማሪ ደቂቃ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ 20 ደቂቃ መድባችሁ ሰዓት እየያዛችሁ ተለማመዱ፤ ሳይገባችሁ ያለፈውን ጥያቄ ትታችሁ መሄድን መልመድ ግድ ነው። የመጻፍ ክፍሉ ላይ ሁለት ሥራ አለ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው እጥፍ ክብደት ስላለው 40 ደቂቃ ይሰጠው። በቃል የተሸመደደ መግቢያ ፈታኙ ወዲያው ይለየዋል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ለ12 ሳምንት የሠራ ሰው ከ5.5 ወደ 6.5 ሊደርስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ግን አይሆንም።

ዱዎሊንጎ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ከቤት ይወሰዳል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀበሉታል። አደጋው መብራትና ኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ማንም አልረሳም። ላፕቶፑ ቻርጅ ሞልቶ፣ ከዋይፋይ ሌላ አማራጭ መስመር ተዘጋጅቶ፣ ሰው የማይገባበት ጸጥ ያለ ክፍል ይመረጥ። በፈተናው መሀል ዓይንን ከስክሪን ማንሳት ወይም የሌላ ሰው ድምፅ መሰማት ውጤቱን ሊያሰርዝ ይችላል።

የግል መግለጫው

«ከልጅነቴ ጀምሮ መምህርነትን እወድ ነበር» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢው በየቀኑ የሚያገኘው ነው። የድህነት ታሪክም ብቻውን አያስመርጥም። መራጩ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ችግር አይታችኋል፣ ምን ሞክራችኋል፣ ይህ ኮርስ የትኛውን ጉድለት ይሞላል።

ለምሳሌ የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦ «64 ተማሪ ባለበት የ9ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ለቤተ ሙከራው ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። ከጣና ዳር የተሰበሰበ እምቦጭ ተጠቅሜ ተማሪዎቹ በስድስት ሳምንት የዕድገቱን ፍጥነት እንዲለኩ አደረግሁ። መለካቱ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረኝ ውጤቱን መተንተን ነው፤ ስታቲስቲክስ ስላልተማርኩ።» ከዚያ የሚያመለክትበትን ኮርስ ሞጁል በስሙ ጠቅሶ ያገናኘዋል። እምቦጭ በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የታየ መጤ አረም መሆኑን የውጭ አንባቢ ስለማያውቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። «የጥራት ችግር አለ» ከማለት ቁጥር መጥቀስ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ግን ከክፍላችሁ መዝገብ የወጣ እውነተኛ ይሁን፤ በቃለ መጠይቅ ይጠየቃል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሰጪዎችን ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ፤ አንዱ ያስተማራችሁ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሌላው ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር። የግል መግለጫችሁንና የሥራ ዝርዝራችሁን አብራችሁ ስጡ፤ ያለዚያ የሚጽፉት «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው» ብቻ ይሆናል። መምህሩ የተቋሙን ኢሜይል ቢጠቀም ተአማኒነቱ ይጨምራል።

መዝጊያ ሰዓትን በተመለከተ፦ 12፡00 ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተባለ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓትም፣ እኩለ ሌሊትም አይደለም። በምንም ምክንያት በመጨረሻው ቀን አትላኩ፤ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መላክ ለባሕር ዳር ሰው የመብራትና የመስመር ዋስትና ነው።

ቃለ መጠይቅ

የእኛ ሰው ትሕትና እዚህ ይጎዳል። ራሱ ብቻውን የሠራውን ሥራ «እኛ አደረግን» ይላል፤ ጠያቂው የእርሱን ድርሻ መለየት ያቅተዋል። «እኔ ሐሳቡን አቀረብኩ፣ ባልደረቦቼ ይህን ሠሩ፣ ውጤቱ ይህ ሆነ» ማለት ትዕቢት አይደለም። አራት ታሪኮችን በዚህ መልክ አዘጋጁ፤ ሁኔታው፣ የእናንተ ድርሻ፣ ውጤቱ፤ እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ።

ፈቃድና ቪዛ

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የቅበላ ደብዳቤውን ይዞ በትምህርት ቤቱ በኩል ለከተማው ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትምህርት ፈቃድ ይጠይቅ። ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይዙ መሄድ ሥራ ጥሎ መጥፋት ሆኖ ይመዘገባል፤ የነበረው የአገልግሎት ዘመንም አደጋ ላይ ይወድቃል። ከደመወዝ ጋር ከተፈቀደ የሚፈረመውን የአገልግሎት ውል ዓመት በዓመት አንብቡት፤ ዋስ የሚሆነው ሰውም ምን እንደሚፈርም ይወቅ።

የአዲስ አበባውን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ለማጠቃለል ሞክሩ፦ የዲግሪ ማረጋገጫ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ኤምባሲው። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም፤ ውጭ ጉዳይ የሚያረጋግጠው የፊተኛውን ማኅተም ነውና። ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ ያደርጋል፤ ምስክር ወረቀቱ ስድስት ወር ስለሚያገለግል በጣም ቀደም ብሎ መሥራት ዳግም ያስከፍላል። ለጀርመን የነጻ ትምህርት ደብዳቤ የሌለው ሰው በዝግ ሒሳብ (ገንዘቡ በየወሩ በመጠን ብቻ በሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ) በዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በመምህር ደመወዝ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ «ቅበላ አግኝቻለሁ» ብሎ ሥራ ከመልቀቅ በፊት ገንዘቡ መረጋገጥ አለበት።

በሻንጣ በርበሬና ሽሮ መያዝ ይቻላል። ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረትና ወደ እንግሊዝ አይገባም፤ ይወረሳል። ወፍራም ኮት እዚያው ግዙ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር

በአውሮፓ አንድ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት) ነው፤ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል። ክፍል ውስጥ የምትቀመጡት በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆንም ቀሪው ንባብና ጽሑፍ ነው። ክፍት የመሰለውን ቀን በሥራ የሞላ ተማሪ አምስተኛው ሳምንት ላይ ይሰምጣል።

ውጤትም ያስደነግጣል። በእንግሊዝ ማለፊያው 50፣ ከፍተኛው ማዕረግ ከ70 ጀምሮ ነው። 85 መስጠት የለመደ መምህር 62 ሲያገኝ የወደቀ ይመስለዋል፤ 62 ግን ጥሩ ውጤት ነው። ነጥብ የሚያሳጣው በብዛት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ያነበቡትን መዘርዘር እንጂ አለመመዘን፤ «እገሌ እንዲህ አለ» ከማለት አልፎ የማን ማስረጃ ይጠነክራል፣ ለምን የሚለው ይጠየቃል። ሁለተኛው ምንጭ አጠቃቀም ነው። የሌላውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃል ቀይሮ ማስገባት ምንጩ ቢጠቀስም እንደ ስርቆት ይያዛል፤ ጽሑፉን ዘግታችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዩ። ፕሮፌሰሩን በስሙ መጥራት ቢከብድም የቢሮ ሰዓቱን ተጠቀሙ፤ ረቂቃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በዚያ ሰዓት መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የመመረቂያ ጥናታችሁን በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ላይ ልትሠሩ ካሰባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ከዚያ ሆኖ ማግኘት ወራት ይወስዳል። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ የተሰበሰበ መጠይቅ ደግሞ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አይጠቀሙበትም፤ በተለይ ተማሪዎች ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ከነትርጉሙ ታቀርባላችሁ።

ሲመለሱ

ከመመለሳችሁ በፊት ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን በዚያ አገር ባለሥልጣንና በኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረጋግጡ። አገር ቤት ገብቶ ወደ ኋላ መላክ ውድም ረጅምም ነው። ለአቻ ግምት፣ ማለትም የውጭው ዲግሪ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ለማስመዘን፣ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስትሄዱ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁንም ያዙ፤ በአካል መማራችሁን ለማሳየትም ቪዛና የመግቢያና መውጫ ማኅተም ያለበትን የፓስፖርት ገጽ ኮፒ አድርጉ። አሮጌው ፓስፖርት ጊዜው ስላለፈ አትጣሉት። የአቻ ግምቱ ወረቀት ከወጣ በኋላ አንዱን ኮፒ ለትምህርት ቤቱ የግል ማኅደር፣ አንዱን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል በመሸኛ ደብዳቤ አስገቡ፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር በራሳችሁ ኮፒ ላይ አስጽፉ፤ የደረጃ ጥያቄ ስታቀርቡ መነሻ የሚሆናችሁ እሱ ነው።